አጎቴና «በኋላ አስታውሰኝ»

አጎቴ በሕይወቱ ቸኩሎ የሚያደርገው ነገር ቢኖር መናገር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል። የሱቁ በር ማጠፊያው ከላላ ቆይቷል፤ ለመዝጋት ከታች በእግር ገፋ፣ ከላይ በትከሻ ደገፍ ማድረግ ይጠይቃል። አጎቴ አንድ ጊዜ አይቶት «በኋላ ይሠራል» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በትከሻ መዝጋት ለምደናል። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል። ከመጠበቂያ ወንበሮቹ አንዱ የሚቆመው ከእግሩ ሥር በተጣጠፈ ካርቶን ነው። የመንገዱ ሰዎች ይህን ሁሉ ታዝበው «ጋሽ በኋላ» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም ተለክቶ እንደተሰፋ ልብስ ልክክ አለበት። እሱ አልተቀየመም። እንዲያውም የረጋ ሰው ምልክት አድርጎ ወሰደው።

ሥራው ጆሮ ነው። መስማት ለደከማቸው ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ ይገጥማል፣ ያስተካክላል፣ ሲበላሽ ይጠግናል። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ተራ እይዛለሁ፣ ባትሪ እሸጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አጎቴን አዳምጣለሁ፤ ለዚህኛው ሥራ ደመወዝ አልተቆረጠለትም። ዕድሜውን ሙሉ ከማይሰሙ ሰዎች ጋር ሲያወራ ስለኖረ ድምፁ ዝቅ ማለት የሚባለውን ነገር ረስቶታል። ምስጢር ሲያንሾካሹክ ከጎናችን ባለው መድኃኒት ቤት የተሰለፉ ሰዎች ቀና ይላሉ። አንድ ቀን ለእኔ ብቻ ብሎ በጆሮዬ የነገረኝን የቤተሰብ ጉዳይ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ከምሳ በኋላ መጥታ አስተያየቷን ሰጠችበት። አስተያየቷ ደግሞ ጥሩ ነበር።

ሱቃችን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ልማድ አለው። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ መስሚያ ብታስገጥሙ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ስትሰሙ እጅ ታወጣላችሁ፣ አለቀ። አጎቴ ዘንድ ግን ብቻውን የመጣ ሰው አይስተናገድም። «ድምፅዎስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ድምፅ የሚለው፣ ደንበኛው ከሰው ሁሉ አብልጦ መስማት የሚፈልገውን ሰው ነው። ያ ሰው ይፈለግና ይመጣል፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበደችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ከደንበኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ የመጣለትን ያወራል። አጎቴም በኮምፒውተሩ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ፣ ወፍራሙን ዝቅ እያደረገ፣ የደንበኛው ፊት እስኪፈታ ድረስ ያስተካክላል።

እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸውን ይዘው መጡና፣ ሥራው አልቆ «አሁንስ እንዴት ይሰማሉ?» ሲባሉ ሚስታቸውን ትክ ብለው አይተው «ጥሩ ነው፤ ትንሽ በዛ» አሉ። አንዲት እመቤት ደግሞ ባላቸውን እቤት ትተው ጎረቤታቸውን አስከትለው መጡ፤ ባላቸው የሚለውን ከዚህ በፊት ሰምተውት ጨርሰዋል። አጎቴ በሰው ኑሮ አይፈርድም። ድምፁን ብቻ አስተካክሎ ይሸኛል።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽኖች መካከል ቆማ ስትሠራ ጆሮዋን ማሽኖቹ ወሰዱት። ለምርመራ ስትመጣ «ድምፅሽስ?» አላት። «እኔ ማንም የለኝም። ይኼ ጭው የሚለው ነገር ጋብ ቢልልኝ ይበቃኛል» አለችው። ሌላ ባለሙያ ቢሆን በማሽኑ ለክቶ ያሰናብታት ነበር። አጎቴ ግን ወንበር ስቦ ፊቷ ተቀመጠና ራሱ ማውራት ጀመረ። ይኸው እስከ ዛሬ አላቆመም።

እትዬ፣ የአጎቴን ሚስት እንዲያ ነው የምላት፣ እሱ ንግግር ሲጀምር የምታደርጋት አንዲት ነገር አለቻት። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል፤ ከመስሚያዋ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን ታደርግና ፈገግ ብላ ታየዋለች። አጎቴ ይህችን ነገር ለደንበኛው ሁሉ ይናገራታል። «የኔዋን እዩ እስቲ። እኔ አፌን ስከፍት ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። ትዳር ማለት እንዲህ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ደንበኞች በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አብራው የምትሠራው ባለሙያ ግን ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ጣሪያውን መመርመር ትጀምራለች።

ይህች ባለሙያ እንደ እሱ መስሚያ ገጣሚ ናት፤ አብረው ነው ያረጁት። አጎቴ «ችኮላ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ዛሬ የተበላሸውን ዛሬ ለመጠገን ስለምትሞክር ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። የሱቃችን ኮምፒውተር ሲነሳ እንደ ደከመው ሰው ያቃስታል፤ ከተነሳ በኋላ ግን ይሠራል። የደንበኞቻችን ሁሉ ጆሮ ልክ ያለው በእሱ ውስጥ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከማዕዘኑ ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ አለችና ጠየቀችው፤ አዲስ አፕዴት አለ፣ ልጫን? ከሥሯ ሁለት ምርጫ ሰጠችው። አንዱ «አሁን ጫን» ይላል። ሌላው «በኋላ አስታውሰኝ»።

አጎቴ ሁለተኛውን ሲያነብ፣ በዚህ ዓለም ላይ በመጨረሻ የሚረዳው ፍጡር ያገኘ መሰለው። ተጫናት። በማግስቱም ጠየቀችው፤ ተጫናት። እንዲህ እየተባባሉ ለረጅም ጊዜ በሰላም ኖሩ። ኮምፒውተሩ ያስታውሳል፣ አጎቴ ያስተላልፋል፤ ሁለቱም ሥራቸውን በሚገባ ይወጡ ነበር።

ነገር የተበላሸው ሳጥኗ ጥያቄዋን የቀየረች ዕለት ነው። «ከአሁን በኋላ ሳልጠይቅዎ ራሴ ልጫን?» አለችው። አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አነበበው።

«ሳይጠይቀኝ? በገዛ ሱቄ?» አለ። መድኃኒት ቤቱ ሰማ።

«ጋሼ፣ ጥሩ ነገር እኮ ነው» አለች ችኮላ። «አፕዴት የተበላሸውን ለማስተካከል ነው የሚመጣው። እርስዎም በየቀኑ ከመነታረክ ይገላገላሉ።»

«ምን ተበላሸና?»

«እርስዎ ያላወቁት ይኖራል።»

«ካላወቅኩት አልተበላሸም።»

ክርክሩን እዚያ ላይ ዘጋው። «እምቢ» የሚለውን ተጫነ፤ ያም አላረካው፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ። ከዚያ መድኃኒት ቤት ሄዶ ለቁስል የሚሆን ፕላስተር ገዛና ሳጥኗ ብቅ የምትልበትን የስክሪኑን ማዕዘን ለጠፈበት። ከስክሪኑ በላይ ደግሞ በገዛ እጁ ጽፎ ወረቀት ሰቀለ፤ «የሚሠራ ነገር አይነካም»። በራችንን በትከሻው ገፍቶ የገባ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንን ነው።

ለአቋሙ ምስክር አልጠፋም። የመድኃኒት ቤቷ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ራሱን አፕዴት አድርጎ ያደረ ዕለት፣ በማግስቱ ከማተሚያው ጋር ተኳርፎ ተገኝቷል፤ ሴትዮዋ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በእጅ ስትጽፍ ዋለች። በእርግጥ የሆነው ይኼው ብቻ ነው። አጎቴ ግን ሲያወራው ጥፋቱ በየጊዜው ያድጋል። አሁን የደረሰበት ደረጃ ላይ፣ ሴትዮዋ ንብረቷን ሸጣ ከመሰደድ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሴትዮዋ ራሷ ቆማ እየሰማች እንኳ ይህንኑ ይናገራል፤ እሷም መቃወሙን ትታዋለች።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው በእትዬ መስሚያ ነው።

መስሚያዋ አርጅቶ ይንኮሻኮሽ፣ ይቆራረጥ ጀመር። ጆሮዋም ከፋብሪካው ዘመን ወዲህ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። አጎቴ ምርጥ የተባለውን አዲስ መስሚያ አስመጣላት፤ በዚህ አይታማም። ሊገጥምላት ክፍሏ ውስጥ አስቀምጧት ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኘው ግን ስክሪኑ «ይህን መሣሪያ አላውቀውም፤ እባክዎ ፕሮግራሙን አፕዴት ያድርጉ» አለው። አጎቴ ስክሪኑን አየ። ሚስቱን አየ። መስሚያውን ወደ ካርቶኑ መለሰና መሳቢያ ውስጥ አስገባው።

«በኋላ እንገጥመዋለን» አላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ የምበላው እነሱ ዘንድ ነው፤ ስለዚህ የሆነውን በዐይኔ አይቻለሁ። እትዬ መጀመሪያ ሬዲዮኑን መክፈት ተወች። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ከጎረቤት ጋር ቆማ መጫወት ተወች። ከዚያ ሰው ሲናገር አፍ አፉን ማየት ጀመረች፤ ሁላችንም ስንስቅ ትንሽ ዘግይታ ትስቃለች። አጎቴ ከማውራት አልቦዘነም፤ እንዲያውም ጨመረበት፤ ሳህኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የእሷ እጅ ግን ወደ ጆሮዋ መሄዱን አቆመ። ቁልፏን የምትጫንበት ምክንያት አልነበራትም።

እኔ ለወትሮው በአጎቴ ሥራ ጣልቃ አልገባም። በዚህኛው ግን ደሜ ፈላ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ፣ እሱ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው መስሚያ ለማን ነው የመጣው? ለመሳቢያው?»

«በኋላ...»

«በኋላ ስትል እኮ እሷ እየሄደች ነው። ለሰው ሁሉ ጆሮ ትቀጥላለህ፤ ለራስህ ሚስት ሲሆን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ፣ ምስጢር ነው ብሎ፣ መድኃኒት ቤቱ እንዲሰማው አድርጎ ነገረኝ።

«አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። የእሷን ልክ ሳስተካክል ያን ጊዜ ትሰማ ነበር። ‹ይኼ በዛ፣ ይኼ ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ ተወው› ትለኝ ነበር። እያንዳንዷን ነገር ራሷ ናት የመረጠችው። ያ ሁሉ ያለው እዚህ ዕቃ ውስጥ ነው። አፕዴት ሲደረግ ቢጠፋ ማንን ልጠይቅ ነው? አሁን እኮ ጆሮዋ ሄዷል፤ ይኼ ይሻላል ያ ይሻላል ብላ ልትመርጥልኝ አትችልም። አንድ ጊዜ ያገኘሁትን ሁለተኛ አላገኘውም። ፈርቻለሁ።»

መንገዱ ሁሉ ሰማ። እትዬ ከእኛ ጥቂት ራቅ ብላ ሹራቧን ትሠራለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ አንጀቴን የበላው። አፕዴት ባያደርግ በዝምታ ውስጥ ይቀብራታል፣ ቢያደርግ ደግሞ እሷን የሚያገኝባትን ብቸኛ መንገድ ሊያጠፋ ይችላል።

«ኮፒውን እናስቀምጥ ብዬ ለምኛቸዋለሁ እኮ» አለች ችኮላ ከክፍሏ ብቅ ብላ።

«ኮፒ ማድረግም መንካት ነው» አለ አጎቴ። ከዚህ ቃሉ ወይ ፍንክች።

ፍንክች ያደረገችው ልጁ ናት። ሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሱቁ ስልክ ጠራ፤ አነሳሁት። «እናቴ አለች? መጀመሪያ ለእሷ ነው የምነግራት» አለችኝ፤ ድምፅዋ ደክሟል፣ ከኋላዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ገባኝ። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት።

እትዬ ስልኩን ቀኝ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከዚያ ወደ ግራ አዛወረችው። መልሳ ወደ ቀኝ። ፊቷ ላይ እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው ፈገግታ ነበር። «እሺ የኔ ቆንጆ። እሺ፣ እሺ» አለች፤ ጥቂት ጠበቀችና ስልኩን ለአጎቴ አቀበለችው። አንድም ነገር አልሰማችም።

አጎቴ አዳመጠ። «ወለደች። ሴት ናት» ብሎ ጮኸ። ከመድኃኒት ቤቱ ጭብጨባ ተሰማ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። ይህን ያልሰማች አንዲት ሰው ብትኖር አያትየዋ ነበረች፤ አፉን እያየች «ምን አለች?» አለችው።

ፊቷ ተንበርክኮ በእጁ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው አድርጎ አሳያት። ዐይኗ እንባ ሞላ። ጉልበቱ ላይ እጇን አኑራ ጠየቀችው። «ስታለቅስ ሰማሃት? እንዴት ናት ድምፅዋ?»

አጎቴ የልጅ ለቅሶ ይቅርና የዝናብ አወራረድ እንኳ ከምሳ እስከ እራት ሊያስረዳ የሚችል ሰው ነው። ያን ዕለት ግን «ቀጭን ናት» ከማለት በቀር ምንም ቃል አልመጣለትም። ተነሳ። ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ፕላስተሩን ከስክሪኑ ላይ ላጠው። ሳጥኗ ከሥሩ ቁጭ ብላ ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አልተቀየመችም።

«ችኮላ የት አለች?» አለ። «ገመዱን አምጪ በያት።»

ደንበኞች ነገ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ችኮላ መጀመሪያ የሁሉንም ሰው ልክ በፍላሽ ኮፒ አደረገች፤ «ኮፒው በአዲሱ ፕሮግራም ይከፈታል ብዬ ግን አልምልልዎትም» ብላ አስጠነቀቀችው። አጎቴ «አሁን ጫን» የሚለው ላይ ጣቱን አኖረና ዐይኑን ጨፍኖ ተጫነ። በሕይወቱ «አሁን» የሚል ነገር ሲነካ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ የሆነውን መጠበቅ ያየ ሰው ሚስቱ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባች ይመስለው ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ስክሪኑ «እባክዎ አያጥፉት» ሲለው «ማን ሊያጠፋህ» ብሎ መለሰለት። ስክሪኑ ጠቆረ፤ አጎቴም አብሮ ጠቆረ። «ገና ነው፣ ተነስቶ ይጨርሳል» ትለዋለች ችኮላ። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ ተነሳ፣ መልሶ ጠፋ። «ይኸው ሞተ» አለ። አልሞተም። በመጨረሻ በአዲስ ቀለም በርቶ እንኳን ደህና መጡ አለው። አጎቴ ሰላምታውን ችላ ብሎ የሚስቱን ስም ፈለገ።

ልኳ እንዳለ ነበር። አንድም ነገር የጎደለ አይመስልም። አጎቴ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገና የኮምፒውተሩ ማራገቢያ አቧራ እንደሚያወጣ ነገረን። አቧራ የለም ብለን አልተከራከርንም።

አዲሱ መስሚያ ከመሳቢያው ወጣ። እትዬ ስፖንጅ በተለበደችው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች፤ አጎቴ እንደ ድሮው «ድምፅ» ሆኖ ፊቷ ተቀመጠ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ችኮላ ሆነች፤ እኔ በሩ ሥር ቆምኩ። ችኮላ ልኩን ወደ መስሚያው አሸጋገረችና «ይናገሩ ጋሼ» አለችው።

«ይሰማሻል?» አላት።

እትዬ ዐይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ወደ ታች ወረደ። «ይሰማኛል» አለች። «አንተ ነህ።»

አንድ ሰው እዚህ ላይ ዝም ቢል ምንኛ ባማረበት። አጎቴ ግን ነፍሱ መለስ ስትል ምላሱም አብሮ መለስ አለ። «እኔ እኮ መጀመሪያም አፕዴት ጥሩ ነው ብዬ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ግን ነገር በወቅቱ ነው። ዝም ብሎ ተቻኩሎ የሚጭን ሰው ምን እንደሚገጥመው የመድኃኒት ቤቷ ትንገርሽ። እኔ ምን አደረግኩ? ጊዜውን ጠበቅኩ። አጠናሁት...» ድምፁ እየሞቀው፣ እየጨመረ ሄደ።

የእትዬ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ቁልፏን ጫን አደረገችና እንደ ልማዷ ፈገግ ልትል ስትል ክው ብላ ቀረች። ደግማ ተጫነች። ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ኧረ ይኼ ወደ ላይ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ሳይሆን ወደ ችኮላ ዞረች። «አንቺ፣ ማሳነሻዬን የት አደረግሽብኝ?»

አጎቴ ለደንበኞች ሁሉ ሲያወራው የኖረው ነገር ገና አሁን እውነት ሆነ፤ ቁልፏ ድምፁን ከፍ አደረገች።

«የምን ማሳነሻ?» አለ አጎቴ።

ችኮላ ጣሪያውን መመርመር ጀመረች። እኔም የሚያስደንቅ ነገር ያገኘሁ ይመስል የበሩን ማዕዘን አተኩሬ አየሁ። እትዬ ግን የዋሸችው ነገር ስላልነበረ አልተደናገጠችም፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ቁልፏን ስጫናት ያንተ ድምፅ ዝቅ ይል ነበር» አለችው። «የሌላውን ሰው አትነካም። ያንተን ብቻ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጅቷ ከቤት ከወጣች ወዲህ ነው። እሷ እያለች ለሁለት እንካፈልህ ነበር። ለብቻዬ ስሆን በዛህብኝ።»

«እኔ በዚህ ኮምፒውተር ላይ በየቀኑ እየሠራሁ...»

«ማሳነሻዋን ‹መጠባበቂያ› የሚል ስም ሰጥቼ ነው ያስቀመጥኳት ጋሼ» አለች ችኮላ፣ ዐይኗን ከጣሪያው ሳታወርድ። «እርስዎ የሚሠራ ነገር አይነኩም። በዛ ላይ የቁልፏ ነገር ወደ አዲሱ አልተሻገረም መሰለኝ፤ በአዲሱ ከፍ ማድረጊያ ሆናለች።»

አጎቴ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅህ በኋላ ትለኝ ነበር» አለችው።

አጎቴ ዝም አለ። ዝምታው ቆየ፤ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በበሩ ብቅ ብላ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች፤ ከእኛ በኩል ድምፅ ሲጠፋ አንድ ሰው የሞተ መስሏት ነው። አጎቴ እጆቹን ያያል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት የሳቅኩበት ሰውዬ በድንገት አሳዘነኝ፤ ስንት ደንበኛ ፊት በዚያች ቁልፍ ኮርቷል።

«ምነው?» አለችው እትዬ። «እኔ ዝም እንድትል አይደለም የፈለግኩት። ሰሞኑን ጭራሽ ሳልሰማህ ስቀር ቤቱ ምን እንደሆነብኝ ታውቃለህ? አፍህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ አንተ የለህም። ሆድ ባሰኝ። ዝቅ እንድትል እንጂ እንድትጠፋ መቼ ፈለግኩ?»

አጎቴ ቀና አለ። ከዚያ የተናገረውን ለመስማት አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ ነበረብኝ። በእርግጥ የእሱ ድምፅ መሆኑን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል።

«ማሳነሻሽን ልመልስልሽ?» አላት።

እትዬ አሰበችበት። ዘለግ አድርጋ ነው ያሰበችበት።

«አሁን አይደለም» አለችው። «በኋላ አስታውሰኝ።»

ኮምፒውተሩ ከዚህ ሁሉ ነገር ውጭ ሆኖ ሳጥኗን በድጋሚ አወጣ። ከአሁን በኋላ ሳልጠይቅዎ ራሴ ልጫን? ችኮላ ማውሱን ወደ አጎቴ ገፋችለት። እሱ ከስክሪኑ በላይ የሰቀለውን ወረቀት አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ።

«ለካስ ትዳሬን እስከ ዛሬ ያኖረው ሳልጠየቅ የተስተካከለው ነው» አለ፤ አሁንም በዚያ ባልለመድነው ድምፅ። «አዎ» የሚለውን ተጫነና ወረቀቱን ከግድግዳው አነሳው። ችኮላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ልጅቷ ጋ እኔ ደወልኩ። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት፤ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከወዲያ በኩል ሕፃኗ እያለቀሰች ነበር። እትዬ አልተናገረችም፤ አፏን በእጇ ሸፍና ብቻ ሰማች፣ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። «ቀጭን ናት» አለች በመጨረሻ።

«ብርድ እንዳይመታት በያት» አለ አጎቴ ከጎኗ፤ የድሮው ድምፁ ተመልሶ ነበር። «መስኮቱን ትዝጋ። ደግሞ ጡት ስታጠባ አቀማመጧን እንድታስተካክል፣ ጀርባዋን...»

የእትዬ እጅ ወደ ጆሮዋ ተነሳ። መሀል መንገድ ላይ ሲደርስ ማሳነሻዋ እንደሌለች ትዝ አላትና ቆመ። ባሏን አየችው።

አጎቴ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ዋጠው። ከወንበሩ ተነሳ፤ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ በአጠገቤ አለፈና ወደ መንገዱ ወጣ። በሩን ከታች በእግሩ ገፋ፣ ከላይ በትከሻው ደገፍ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።